በባንክ ስም የሚመጣውን ሐሰተኛ ደብዳቤ ስለ መለየት

በማሠልጠኛ ተቋማችን ከሚማሩት ዕጩ መምህራን አንዱ ባለፈው ዓመት «ሒሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል» የሚል ኢሜይል ደረሰው። የባንኩ ዓርማ በቦታው ነበር፤ አማርኛውም ግድፈት አልነበረበትም። በመልእክቱ የተሰጠውን ሊንክ ተጭኖ የይለፍ ቃሉን፣ ቀጥሎም በስልኩ የመጣለትን የማረጋገጫ ቁጥር ጻፈ። በዚያው ምሽት ለቤት ኪራይ ያስቀመጠው ገንዘብ ሄደ።

ይህ ማጭበርበር በእንግሊዝኛ «ፊሺንግ» ይባላል፤ ስሙ ከዓሣ ማጥመድ የመጣ ነው። እኛ መምህራን በቀይ እስክሪብቶ ግድፈት ማደን ልማዳችን ስለ ሆነ ሐሰተኛውን በአጻጻፉ እንለየዋለን ብለን እንመካለን። ዛሬ ግን ጽሑፉን ኮምፒዩተር አሳምሮ ይጽፍላቸዋል።

ታዲያ ምን እንይ? በፖስታ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን ስም መጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በኢሜይልም የሚታየውን ስም የሚጽፈው ላኪው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ የላኪውን ማንነት ማረጋገጫ አልነበረውም። ማጣሪያዎች በኋላ ቢጨመሩም፣ የባንኩን ስም የሚመስል አድራሻ ያስመዘገበውን ሌባ አያስቆሙትም።

ዋናው ነገር የሊንኩ አድራሻ ነው። እኛ አድራሻ ስንጽፍ ከከተማ ጀምረን ወደ ወረዳና ቤት ቁጥር እንወርዳለን። የኢንተርኔት አድራሻ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ባለቤቱ የሚታወቀው በስተመጨረሻው ነው። በእኛ ፊደል ለምሳሌ ያህል ብንጽፈው፣ «ባንካችን.ሒሳብ-ማደሻ.ኮም/መግቢያ» በሚለው ውስጥ ከእዝባሩ (/) ወደ ግራ ስናነብ ባለቤቱ «ሒሳብ-ማደሻ.ኮም» ነው። መጨረሻው «ኮም.ኢቲ» ከሆነ አንድ ቃል ወደ ግራ እንጨምራለን። የስልክ መስኮት ጠባብ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታየን መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሌባውም የባንኩን ስም እዚያ የሚያስቀምጠው ይህን አውቆ ነው። በላቲኑ «ኤል» ፊደል ፈንታ ቁጥር 1 የሚተኩም አሉ። ከአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ሥዕል መስመሩ ከጠላፊ የተጠበቀ መሆኑን እንጂ ከማን ጋር እንደምንነጋገር አይነግረንም። ሌባም በነፃ ያገኘዋል።

የማረጋገጫ ቁጥሩስ? ቁጥሩን የላከው እውነተኛው ባንክ ነበር፤ ሠልጣኙም ያልጠረጠረው ለዚህ ነው። እርሱ በሐሰተኛው ገጽ ላይ ሲጽፍ ሌባው ወዲያው በእውነተኛው ገጽ ያስገባው ነበር።

እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰን ሊንኩን ትተን የባንኩን አድራሻ በገዛ እጃችን እንጽፋለን፤ ወይም ወደ ቅርንጫፉ እንደውላለን። የይለፍ ቃሉን አስቀድሞ የሰጠ ሰው ደግሞ በዚያው ደቂቃ ሒሳቡ እንዲታገድለት ባንኩን ይጠይቅ። የእኛ ሠልጣኝ አፍሮ እስከ ማግሥቱ ዝም ብሎ ነበር።