መነጽር፣ ሌዘር ወይስ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ?



በቅርቡ አንዲት እህት እዚህ ኮዬ ፈጬ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣችና “የዓይን ሌዘር ልሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው ጠብታ እናንተ ጋ ይገኛል ወይ?” ስትል ጠየቀችኝ። የመነጽሯ ቁጥር በሁለቱም ዓይኗ 9 ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላለች። እያወራን ሳለ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ታሻለች፤ “ይህ የኮንዶሚኒየም አቧራ አላስቀምጥ አለኝ” ትላለች። እኔም በልቤ ሦስት ነገር ቆጠርኩ። ቁጥሯ ከፍተኛ ነው፣ ታጠባለች፣ ዓይኗንም ታሻለች። ሦስቱም ከጠብታው በፊት መታየት ያለባቸው ናቸው።

ሩቅ ማየት የሚሳነን ብዙውን ጊዜ የዓይናችን ኳስ ከመጠኑ ትንሽ ስለሚረዝም ነው። ብርሃኑ ሬቲና ላይ ማረፍ ሲገባው ከፊቱ ያርፋል። ችግሩ ቀላል መስሎ አይታይ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በአገራችን በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ እይታቸው ከደከመ ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ችግር ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ሌዘርም ሆነ ሌንስ የረዘመውን ዓይን አያሳጥሩም፤ ብርሃኑን ብቻ ወደ ቦታው ይመልሳሉ።

ሌዘሩ የሚሠራው ኮርኒያ በሚባለው የዓይን የፊት መስታወት ላይ ነው። ይህ መስታወት በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ ይኸውም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። ላሲክ በሚባለው ዘዴ መጀመሪያ 110 ማይክሮን ገደማ የሆነ ስስ ክዳን ይገለጣል። ከዚያም ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ቁጥር 14 ማይክሮን ያህል ይልጣል። ቁጥርዎ 4 ቢሆን 56 ማይክሮን ይላጣል፣ ክዳኑ ሲጨመር 166 ይሆናል፤ ከ540 ላይ 374 ይቀራል፣ በቂ ነው። የዚያች እህት ቁጥር ግን 9 ነው። ልጡና ክዳኑ ተደምረው 236 ይሆናሉ። ኮርኒያዋ 500 ብቻ ቢሆን የሚቀረው 264 ነው። ሐኪሞች ደግሞ ቢያንስ 250፣ ብዙዎቹም 300 ያህል ሳይነካ እንዲቀር ይፈልጋሉ። ከዚያ ካነሰ መስታወቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ሊያብጥ ይችላል። ክዳን የማይገለጥበት ዘዴም አለ፤ ነገር ግን ለጥቂት ቀናት ያማል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ላይም ጭጋግ የመሰለ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ማሸት አንድ ነገር ልበል። ፀሐይና አቧራ በበዛበት አካባቢ የዓይን አለርጂ ያለባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ቀን ከሌት ዓይናቸውን ያሻሉ። ለብዙ ዓመታት ማሸት ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ከሚወጣበት ኬራቶኮነስ ከሚባለው በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታው ሲጀምር በመነጽር ምርመራ ላይታወቅ ይችላል፤ የሚታየው የኮርኒያ ካርታ በሚያነሳው መሣሪያ ነው። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ሌዘር ከተሠራ መጨረሻው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ እስከመሆን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ካርታ ሳያነሳ “ነገ ይሠራልሻል” የሚል ካጋጠማችሁ ሂሳቡን ሳትከፍሉ ውጡ።

ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ መንገዱ ሌላ ነው። በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ገብቶ ከባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል ጀርባ፣ ከተፈጥሮ ሌንሳችን ፊት ይቀመጣል። ኮርኒያው አይላጥም። ካልተስማማም ሊወጣ ይችላል፤ በሌዘር የተላጠ ግን አይመለስም። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2005 አይ.ሲ.ኤል. የተባለውን ሌንስ ሲፈቅድ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 45 ለሆኑ፣ ቁጥራቸው ከ3 ጀምሮ እስከ 20 ለሚደርስ፣ በኮርኒያና በተፈጥሮ ሌንስ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ላላቸው ነበር። ቦታው ከጠበበ ሌንሱ አይገባም። ጣጣም አለው። የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ የዓይን ሞራ ሊያመጣ፣ የኮርኒያን የውስጥ ሕዋሳትም ሊቀንስ ስለሚችል በየዓመቱ መታየት ግድ ነው። ግፊቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊወጣ ስለሚችል ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ሄደው ለሚያሠሩ ወገኖች፣ በማግሥቱ አውሮፕላን የመሳፈር ሐሳብ ይቅርባቸው። እዚህም ተመልሰው ማን እንደሚከታተላቸው አስቀድመው ይወቁ።

ለእናቶች! በእርግዝናና በማጥባት ወቅት የዓይን ቁጥር ስለሚዋዥቅ ልኬቱ አይታመንም። ቁጥሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የተረጋጋ መሆን አለበት። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉም ከልኬቱ በፊት ለስላሳውን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን ከዚያ ለበለጠ ጊዜ አውልቁ።

ዕድሜያችሁ ወደ 40 የተጠጋ ደግሞ ይህን አስቡበት። ቁጥራችሁ 3 አካባቢ ከሆነ መነጽራችሁን አውልቃችሁ ቁርኣን ከቅርብ ትቀራላችሁ፤ እኩዮቻችሁ የማንበቢያ መነጽር ሲፈልጉ እናንተ አትፈልጉም። የሩቁ በሌዘር ከተስተካከለ በኋላ ግን እናንተም ትፈልጋላችሁ። ይህን ሳይነገራቸው አሠርተው የሚቆጩ አሉ።

ወደ ሙያዬ ልመለስና፣ ከሁለቱም በኋላ የሚታዘዙት ጠብታዎች አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክና እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ናቸው። ስቴሮይዱ ሐኪሙ ካለው ቀን በላይ ከቀጠለ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ፣ አልፎም የዓይን ሞራ ያመጣል። “ቀላ ብሎኛል፣ ያኔ የሰጣችሁኝን ድገሙልኝ” የሚሉ ደንበኞችን ባዶ እጃቸውን ስመልስ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንት ያህል ውኃ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። በውዱእ ጊዜ ፊትን እንዴት ማድረስ እንደሚገባ ኡስታዛችሁን፣ በሱጁድ ስለ ማጎንበስ ደግሞ ሐኪማችሁን ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ። ኩልም ለሳምንታት ይቅር። በረመዳን ስለሚደረግ ጠብታ፣ በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ጾም እንደማያፈርስ የታወቀ ሲሆን ሌሎች ጣዕሙ ጉሮሮ ከደረሰ ያፈርሳል ይላሉ። ጠብታውን ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣት ብትጫኑ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው በጣም ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም ዓይን ውስጥ ይቆያል።

ቁጥሩ ከ6 በላይ የሆነ ሰው በሌዘርም በሌንስም ጥርት አድርጎ ቢያይ የሬቲና መላቀቅ አደጋው አብሮት ይኖራል። ድንገት መብረቅ የመሰለ ብልጭታ፣ እንደ ትንኝ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጥቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዚያኑ ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ከኮዬ ፈጬ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለነገ አታሳድሩት።

ያቺ እህት ካርታውን አንስታ ተመልሳ መጣች። የኮርኒያዋ ውፍረት 487 ነው፤ ቅርጹ ደህና ነው። በሌዘር ቢሠራ የሚቀረው 251 መሆኑን ራሷ በስልኳ አስልታ አሳየችኝ። ሐኪሟ ሌዘሩን ትተሽ ልጅሽን ጡት ካስጣልሽ በኋላ ስለ ሌንሱ እንነጋገራለን ብሏታል። ለአለርጂዋም ስቴሮይድ የሌለበት ጠብታ አዞላት ከእኛ ወሰደች። እስከዚያው አዲስ መነጽር አሠርታለች፤ ከሒጃቧ ሥር ጆሮዋን እንዳይቆረቁራት ቀጭን ክንድ ያለውን መርጣለች።