ድንበር ያለፈ ቡቃያ፦ የቆሽት ዕጢ በአጉሊ መነጽር ሲመረመር

ሰው ኀዘን ወይም ቁጣ ሲበረታበት «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ይሁን እንጂ ከጨጓራ ኋላ ተጋድሞ፣ ራሱ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ እቅፍ ውስጥ ገብቶ፣ ጅራቱ እስከ ጣፊያ የሚደርሰውን፣ ርዝመቱም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን ይህን ብልት ከስሙ አልፎ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ምግብን የሚያልም ፈሳሽና የደምን ስኳር የሚመጥን ሆርሞን እያመነጨ በስውር የሚያገለግል እንደ መሆኑ መጠን፣ ዕጢ ሲበቅልበትም ሕመሙ በስውር ይሰነብታል። ዕጢው በቆሽቱ ራስ በኩል ሆኖ የሐሞትን መውረጃ ሲጫን ዓይን ይወይባል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ገላ ያሳክካል፤ በዚህ ጊዜ ብዙው ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ነገሩን ለጉበት ይሰጠዋል።

ሲቲ ስካን እብጠት መኖሩን ቢያሳይም ምንነቱን የሚመሰክረው ሥጋው ራሱ ነውና፣ በፎገራ ካለችው ከወረታ ከተማ የተነሣ ሕመምተኛ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ደርሶ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ናሙና ይወሰድለታል። ናሙናው ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ይበላሻል፤ ስለዚህ አስታማሚ ጠርሙሱን በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ላቦራቶሪ እንዲያደርስ በታዘዘ ጊዜ የያዘው ነገር የምርመራው ሁሉ መሠረት መሆኑ ሊነገረው ይገባል። በላቦራቶሪ ናሙናው ውሃው ወጥቶ በሰም ይሞላል፤ ማይክሮቶም በተባለው መቍረጫ መሣሪያም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን፣ ማለት የሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ በሚቈጠር ስስነት ተቈርጦ፣ ለብ ባለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በመስተዋት ይነሣል። ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚገኘው ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ሲያደርገው፣ ኢኦሲን የቀረውን ሮዝ ያለብሰዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ንባብ ነው፤ ንባቡም አስጨናቂ ነው። በቆሽት ነቀርሳ ዘንድ ክፉዎቹ ሕዋሳት ጥቂት ሆነው በደንዳና ጠባሳ ስለሚከበቡ፣ መርፌው ጠባሳውን ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ የቆየ የቆሽት ብግነትም እንዲሁ ጠባሳ ያበዛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የነቀርሳው ትናንሽ ቱቦዎች አንዳንድ ጊዜ እንደ ጤነኛ ያማረ ቅርጽ መያዛቸው ነው፤ ስለዚህ የፓቶሎጂ ሐኪሙ እንደ መጻሕፍት መምህር «አንድም» እያለ ሁለቱንም ትርጓሜ በልቡ ይዞ ይመረምራል።

ብግነትንና ነቀርሳን የሚለየውን ነገር የፎገራ ገበሬ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ርብና ጉማራ በሚያጠጡት ሜዳ ላይ በአፈር ድንበር ተከፋፍሎ የተዘራ የሩዝ ማሳ ድርቅ ቢመታው፣ ቡቃያው ይሳሳል እንጂ መደቡ ከነድንበሩ ይቆያል፤ ብግነት የጎዳው ቆሽትም እንዲህ ነው። ነቀርሳ ግን ለምለም መስሎ ሳለ በቦዩ፣ በመንገዱ፣ በቤቱ ግድግዳ ሥር በቅሎ ይገኛል፤ ጤነኛ ቱቦ በማይቀመጥበት በወፍራም የደም ሥር ጥግ ወይም ብቻውን በስብ መካከል ይታያል። በአንድ ቱቦ ውስጥ የአንዱ ሕዋስ አስኳል ከጎረቤቱ አራት እጥፍ ሲበልጥም ጥርጣሬው ይጸናል።

ላንገርሃንስ የተባለው ተመራማሪ በ1869 እ.ኤ.አ. ከገለጻቸው ሆርሞን አመንጪ ደሴቶች ጋር የሚዛመደውና ብዙ ጊዜ በዝግታ የሚያድገው ዕጢ ከዚህ ከቱቦው ነቀርሳ ሌላ ነው፤ ደረጃው የሚለካው ኪ-67 የተባለውን ፕሮቲን በሚያሳይ ቀለም የሚባዙት ሕዋሳት ተቈጥረው፣ ከ3 በመቶ በታች፣ ከ3 እስከ 20፣ ከ20 በላይ እየተባለ ነው። ሕክምናውም ስለሚለይ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሕመምተኛውን መበደል ነው።

የቱቦው ነቀርሳ እጅግ የታመነ ምልክት ግን ነርቭ ነው። ከቆሽት ኋላ የነርቭ መረብ ተዘርግቷል፤ ነቀርሳውም በነርቩ ሽፋን ውስጥ ገብቶ እንደ ቀለበት ይከበዋል። ሐኪሙ ይህን በመስተዋቱ ላይ ሲያይ ብዕሩን ያነሣል፤ ሕመምተኛው ገና ከወረታ ሳይነሣ፣ በጀርባው ሲተኛ የሚብስበት፣ ሩዙን ሊያርም ጎንበስ ሲል ግን ጥቂት ይታገሠው የነበረው፣ ከሆዱ እስከ ጀርባው የሚዘልቀው ውጋት የመጣው በዚሁ መንገድ ነበር።