ዓሣው እየዋኘ ሣሩ ለምን ይሞታል?

አኳሪየም የሚሸጥበት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከመስታወቱ ኋላ ያለው ለምለም ነገር ልብ ይሰርቃል። ቅጠሉ ይወዛወዛል፣ ዓሣው በመሐሉ ይሽሎከለካል። «በቃ፣ እኔ የምፈልገው ይሄን ነው!» ትሉና ገዝታችሁ ቤት ትገባላችሁ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይሳሳል፣ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ ይወድቃል። የበሰበሰው ደግሞ ውሃውን መርዞ ለዓሣውም ይተርፋል። ከዚያ ባለሱቁን መርገም ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው አምፖሉን ነው።

ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። አጥብቆ የሚጠቀመው ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ነው፤ ከሌላው ይልቅ አረንጓዴውን ስለሚመልስ ነው ለዓይናችን አረንጓዴ የሚመስለን። እና ለጌጥ የሚሸጠው ድፍን ሰማያዊ መብራትስ? ለጭፈራ ቤት ያምራል፣ ለሣሩ ግን ብቻውን አይበቃውም። ወይን ጠጅ የሚመስለው የተክል መብራት በበኩሉ በደንብ ያበቅላል፤ ዓሣውን ግን የታመመ ያስመስለዋል። እኔ ብጠየቅ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ወይም «ዴይላይት» የሚል ነጭ ኤል ኢ ዲ ግዙ እላለሁ። 3000 ኬልቪን የሚለው ቢጫ አምፖል ተክሉን አይገድለውም፣ ውሃውን ግን የሻይ መልክ ይሰጠዋል።

ሌላው ማደናገሪያ ዋት ነው። ዋት የሚነግራችሁ አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። በዋት መለካት የድሮው የፍሎረሰንት ሸምበቆ ጊዜ ልማድ ነው። አሁን ማየት ያለባችሁ ሉመን የሚለውን ቁጥር ነው። ለጀማሪ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። 60 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ጥሩ የ10 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል 900 ሉመን አካባቢ ስለሚሰጥ ጉዳያችሁን ጨረሰ ማለት ነው። ገንዳው ጠለቅ ያለ ከሆነ ግን ታች የሚደርሰው ብርሃን እየሳሳ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ ነጩ ኤል ኢ ዲ እንዲገኝ መንገድ የከፈተውን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሂሮሺ አማኖ ነው። የአኳሪየም ተክልን እንደ አትክልት ሥፍራ ማስዋብን ለዓለም ያስተዋወቀው ጃፓናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ታካሺ አማኖ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አረፈ። በአባት ስም ሞክሼዎች መሆናቸው ሁሌ ያስቀኛል።

«ታዲያ ብርሃን ጥሩ ከሆነ ለምን አላበዛውም?» የሚል አይጠፋም። ብርሃን ሲበዛ ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ በዚያው ልክ ይጠይቃል። ካላገኘ ቆሞ ይቀራል፣ የተረፈውን ብርሃን አልጌ ይወርሰዋል። አልጌ ማለት ያ መስታወቱ ላይ የሚያሙለጨልጨው አረንጓዴ ጉድ ነው።

የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፣ እሱ ቢሮ ዋይ ነው። ብዙውን ቀን የሚገናኙት በር ላይ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ። ከደመወዛቸው አጠራቅመው አኳሪየም ገዙ። እሱ «ጠዋት ደክሟት ስትገባ ቤቱ ጭር እንዳይልባት» ብሎ ከማታ ጀምሮ መብራቱን አያጠፋም። ወር ሳይሞላ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። የእረፍት ቀኗን ስትፈትግ የምትውለው እሷ! «ወይ ይሸጥ ወይ አንተ ፈትገው» ተባባሉ፣ ተኳረፉ። ሰውየው እኔ ጋ የመጣው የበለጠ ጠንካራ አምፖል ፍለጋ ነበር። አምፖልህ ምን አደረገህ፣ ሰዓትህ ነው የበዛው አልኩት። ለአዲስ ገንዳ በቀን 6 ሰዓት፣ ሲቆይ 7 ወይም 8 ሰዓት ይበቃል። ተክል የቢሮ ሰዓት አያውቅም፤ የሚፈልገው በየቀኑ ያልተለወጠ ሰዓት ነው። ስለዚህ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሶኬት ገዝተው ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ለእሷ፣ ማታ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ለእሱ አደረጉት። መስታወቱን አጥበው፣ ውሃውን በየሳምንቱ በከፊል እየቀየሩ ሰነበቱ፤ አልጌው እየቀነሰ ሄደ። ሽያጩም ቀረ። ጠዋት ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ቁጭ እንደምትል እሱ ነው የነገረኝ።

ተክል ስትመርጡም ከመብራታችሁ ጋር ተማከሩ። አኑቢያስ የሚባለው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ነው። ጥላ ወዳድ በመሆኑ በጥንት ግብፆች የሙታን አምላክ በአኑቢስ ስም ተሰይሟል። ጃቫ ፈርንም እንደሱ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። ሁለቱንም ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው እንጂ ወፍራሙን ግንዳቸውን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩ፣ ይበሰብሳል። ቀያዮቹና እንደ ምንጣፍ የሚነጠፉት ያማልላሉ፤ ግን ብርቱ ብርሃን ፈላጊ ናቸው፣ ይቆዩላችሁ። የመስኮት ፀሐይ ነፃ ነው ብላችሁም አትታለሉ። ቀጥታ ሲያርፍበት ውሃውን ያሞቃል፣ አልጌውንም ያደልበዋል።

የመብራቱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይውረድ፤ ጠብታ ቢመጣ እዚያው ይንጠባጠባል። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ለሣሩ አትደንግጡ፣ አንድ ሁለት ቀን ጨለማ አይገድለውም። በጨለማ ግን ሣሩም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይሻማል፤ ስለዚህ ያኔ ሩጫው በባትሪ ለሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው።