ከማጅራት ወደ ግንባር፦ የፀጉር ንቅለ ተከላ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም?

አዲስ ፀጉር የሚፈጥር ቀዶ ሕክምና የለም። ንቅለ ተከላ የሚባለው ከማጅራትና ከጎን ያለውን ፀጉር ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ሳሳው ግንባር ወይም አናት ማዛወር ነው። የሚቀየረው ቦታው እንጂ ብዛቱ አይደለም። ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ውጤት የሚወራው ሁሉ በልኩ የሚታየው ይህ ከገባን በኋላ ነው።

በወንዶች ላይ በብዛት የምናየው መመለጥ በዘር የሚወረስ ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደሚባል ሌላ ሆርሞን ይቀየራል። ይህን ሆርሞን የማይችሉ የፀጉር ሥሮች ከዓመት ዓመት እየቀጠኑ ሄደው በመጨረሻ ማብቀል ያቆማሉ። ከጆሮ በላይና በማጅራት በኩል ያሉት ሥሮች ግን ብዙም አይበገሩለትም፤ አናታቸው የተመለጠ ሽማግሌ እንኳ በጆሮና በማጅራታቸው ዙሪያ ፀጉር የሚቀርላቸው ለዚህ ነው። የኒውዮርኩ የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት፣ የተዛወረ ሥር የቀድሞ ጠባዩን ይዞ እንደሚሄድ ነው። ከማጅራት የመጣ ፀጉር ግንባር ላይም ቢሆን የማጅራት ፀጉር ሆኖ ይኖራል። ሕክምናው በሙሉ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ከማጅራት የሚወሰደው ግን ልክ አለው። ፀጉር ከ1 እስከ 4 እየሆነ ከአንድ ቀዳዳ በጥቅል ይወጣል፤ ሐኪሞቹ አንዱን ጥቅል ግራፍት ይሉታል። ማጅራቱ ሳይሳሳ በዕድሜ ልክ ሊወሰድ የሚችለው ለብዙ ሰው ከ4,000 እስከ 6,000 ግራፍት አካባቢ ነው፤ የተነቀለበት ቦታም ተመልሶ አያበቅልም። የ23 ዓመት ወጣት የልጅነት ግንባሬን መልሱልኝ ብሎ ይህን ሁሉ ከፊት ቢያስተክል፣ በ40 ዓመቱ ከኋላው ያለው አናት ሲመለጥ የተተከለው ፀጉር ከፊት ለብቻው ደሴት ሆኖ ይቀራል። መሙያ ከየት ይመጣል? ጥሩ ሐኪም እንዲህ ያለውን ወጣት ትንሽ ቆይ የሚለው ለዚህ ነው። እኔ የሐኪምን ብቃት መጀመሪያ የምመዝነው እምቢ ማለት በመቻሉ ነው።

ደግሞም የፀጉር መርገፍ ሁሉ በቀዶ ሕክምና አይታከምም። ድንገት ሳንቲም የሚያህል ክብ እያበጀ የሚመልጠው ላሽ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ የተተከለውንም ሊያጠቃው ይችላል። የራስ ቆዳን እያቃጠለ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ በሽታም አለ፤ እሱ ሳይበርድ መትከል ፀጉርን አባክኖ መቅረት ነው። በእኛ አገር ሴቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ደግሞ በጥብቅ ሹሩባና በሂውማን ሄር ክብደት ለዓመታት ተጎትቶ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ዳር የሚጀምረው መመለጥ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት መጎተቱን ማቆም ብቻውን ፀጉሩን ሊመልሰው ይችላል። ሥሩ ከሞተ በኋላ ንቅለ ተከላ ይረዳል፤ ጥብቁ ሹሩባ ከቀጠለ ግን አዲሱም ይሄዳል። በደም ማነስ፣ በታይሮይድ ችግር ወይም ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር መፍትሔው ሌላ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሐኪሙ በፊት የቆዳ ሐኪም ይዩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለቆዳ ሕክምና ስሙ ቀድሞ የሚነሣው አለርት ሆስፒታል ነው።

ፀጉሩ የሚወሰደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አውጥቶ ቦታውን መስፋትና ከቁራጩ ላይ ግራፍቶቹን መለያየት ነው፤ የመስመር ጠባሳ ይተዋል። ሁለተኛው፣ አሁን በስፋት የሚሠራበት፣ በክብ መብሻ አንድ በአንድ ማውጣት ነው፤ እሱም ጥቃቅን ነጠብጣብ ጠባሳ አለው። ጠባሳ የለውም የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይመኑት።

የእኛ ዓይነት ፀጉር ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ከርዳዳ ፀጉር የሚጠመዘዘው ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም፤ ከቆዳ በታች ያለው ሥሩም ጠምዛዛ ነው። የመብሻው ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲገባ ጠምዛዛውን ሥር መሀል ለመሀል ሊቆርጠው ይችላል። እንዲህ የተቆረጠ ሥር ብዙ ጊዜ አይበቅልም፤ ከማጅራትም ጠፋ፣ ግንባር ላይም አልወጣ። በሉጫ ፀጉር ላይ ብቻ እጁን ያፍታታ ባለሙያ ለዚህ አይበቃም። ጠንቃቃ ሐኪሞች አስቀድመው ጥቂት ሥሮች ብቻ አውጥተው ስንቱ በደህና እንደወጣ ያያሉ፤ ይህ ሙከራ ይደረግልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲቆስሉ አብጦ የሚቀር ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚሉት፣ የሚያወጣ ቆዳ ካለዎት ሳይጠየቁ ይናገሩ። በሌላ በኩል ጥቅልል ፀጉር ቆዳን በደንብ ስለሚሸፍን፣ ያንኑ ያህል ሙላት ለማሳየት ከሉጫ ፀጉር ያነሰ ግራፍት ሊበቃ ይችላል።

በዕለቱ መጀመሪያ ሐኪሙ አዲሱን የግንባር መስመር በእስክሪብቶ ይሥላል። በመስታወት በደንብ አይተው ሳይስማሙ አልጋው ላይ አይውጡ። ከዚያ ፀጉሩ ይላጫል፤ የማደንዘዣ መርፌ የራስ ቆዳን ዙሪያውን ይወጋል፤ የቀኑ ሕመም በአብዛኛው ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ታካሚው ነቅቶ በሆዱ ተኝቶ የመብሻውን ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ መጫን እንጂ መውጋት አይሰማውም። የወጡት ግራፍቶች በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ረዳቶቹም በማጉያ መነጽር እያዩ ነጠላውን ከድርብ ይለያሉ። ነጠላዎቹ ለግንባር ዳር ናቸው፤ ሦስትና አራት ፀጉር ያላቸው ከኋላ ይገባሉ። ምሳ ከተበላ በኋላ ታካሚው በጀርባው ይተኛና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ የቀዳዳው አቅጣጫና ዘንበል ማለት ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛ ይወስናል። እንደ ብሩሽ ቀጥ ብሎ የቆመ የግንባር ፀጉር አይተው ከሆነ፣ ያ ጥፋት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግንባር ሊያብጥ፣ እብጠቱም ወደ ዓይን ሊወርድ ይችላል፤ ያስደነግጣል እንጂ በቀናት ውስጥ ይጎድላል። ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ያግዛል። ቅርፊቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በለስላሳ አጠባ ይነሣል፤ በጥፍር መፋቅ ግን የተተከለውን ይነቅለዋል። በእነዚህ ቀናት ሻሽ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ቅቤ መቀባት፣ ከላይ በኃይል የሚወርድ ሻወርም ሆነ ጸበል በራስ ላይ መቀበል አይገባም። ሲጋራ ቆዳው በቂ ደም እንዳያገኝ ያደርጋል። ትኩሳት፣ መግል ወይም የማጅራት ቆዳ መጥቆር ከታየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ነው።

ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ይረግፋል። ገንዘቤ ውኃ በላው የሚባለው ያኔ ነው፤ ነገር ግን የረገፈው ፀጉሩ እንጂ ሥሩ አይደለም። በ3ኛውና በ4ኛው ወር ቀጭን ፀጉር ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ለውጡ በግልጽ የሚታየው ከ6ኛው ወር በኋላ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ 12 ወር፣ መሀል አናት ላይ ደግሞ እስከ 18 ወር ይወስዳል። ቀድሞ የነበረው ፀጉር ግን በዘሩ መሳሳቱን ይቀጥላል። ሚኖክሲዲል የተባለው መድኃኒት የሚቀባው ወይም ለወንዶች ፊናስተራይድ የተባለው ኪኒን የሚዋጠው ይህን ለማዘግየት ነው። ፊናስተራይድ በአንዳንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትንና አቅምን ሊቀንስ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይጀመርም፤ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ኪኒን መንካት የለባትም።

ብዙዎች ለዚህ ሕክምና ወደ ኢስታንቡል ይሄዳሉ፤ ሆቴሉና የኤርፖርት መኪናው በአንድ ዋጋ ይቀርብላቸዋል። እዚያ ጎበዝ ሐኪሞች አሉ፤ ሐኪም የሌለበት ቀዶ ሕክምናም አለ። ዓለም አቀፉ የፀጉር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ፈቃድ የሌላቸው ረዳቶች ቀዶ ሕክምናውን ስለሚሠሩባቸው ቦታዎች ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ከመክፈልዎ በፊት ማን እንደሚበሳ፣ ማን ቀዳዳውን እንደሚከፍት፣ ሐኪሙ በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደሚሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ፀጉር ያላቸው ታካሚዎች ከዓመት በኋላ የተነሡትን ፎቶም ይዩ። ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚያይዎትን የቆዳ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት አገር ቤት ያዘጋጁ። ሲመለሱም ስንት ግራፍት ከየትኛው ቦታ እንደተወሰደ፣ የመብሻው ስፋትና የተሰጡት መድኃኒቶች የተጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ማጅራትዎ ላይ ምን እንደቀረ ማወቅ ሲፈልግ የሚያየው እሱን ነው።