ቁንጥር ጨው፣ ሁለት ትስስር

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ተረቱ ለኬሚስትሪ ባይተረትም ጨው በእርግጥ ድንጋይ ነው፤ በአፋር በረሃ እየተቆረጠ፣ አሞሌ ተብሎ የአገር ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። በጋሞው ገረሴ ደጋ ዳጣ በሚባለው የቃሪያ ማባያ ውስጥ የሚገባው ቁንጥርም ያው ድንጋይ ነው።

አቶሞች የሚረጉት ብዙውን ጊዜ የውጨኛው እርከናቸው 8 ኤሌክትሮን ሲይዝ ነው። ጨው ከተሠራባቸው ሁለቱ አንዱ፣ ሶዲየም፣ ከውጭ ያለው 1 ብቻ ነው፤ ሌላው፣ ክሎሪን፣ ደግሞ 7 ይዞ 1 ይጎድለዋል። ሶዲየም ያቺን አንዷን ለቆ ይሰጣል፤ ክሎሪን ይቀበላል። ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ አዮን ይሆኑና ይሳሳባሉ። ይህ አዮኒክ ትስስር ነው። እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎሪን፣ እያንዳንዱም ክሎሪን በ6 ሶዲየም ተከቦ ስለሚደረደር ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል።

ስኳርን ግን ምጣድ ላይ ብትነሰንሱት ቀልጦ ይጠቁራል። ስኳርም ውሃም የተሠሩት በሌላ ውል ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ተቀናጅተው እንደሚያርሱ፣ ሁለት አቶሞችም አንድ አንድ ኤሌክትሮን አዋጥተው ጥንዱን በጋራ ይይዛሉ። ጥንዱ የሁለቱም ነው። አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. ይህን የጥንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ዛሬ ኮቫለንት ትስስር እንለዋለን። በውሃ ውስጥ ኦክስጅን ጥንዱን ወደራሱ ስለሚስብ የውሃው አንዱ ጎን ኔጋቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ውሃ የጨውን አዮኖች ከቦ የሚያሟሟቸውም በዚህ ነው። ቅቤ እንዲህ ያለ ጎን ስለሌለው ጨው በንጥር ቅቤ ውስጥ አይሟሟም።

ሁለቱ ትስስሮች በአንድ ቁንጥር ጨው ውስጥ የሚገናኙት ደግሞ በአዮዲን ምክንያት ነው። በተራራማ አገር ዝናብ አዮዲንን ከአፈር አጥቦ ይወስደዋል። ከዚያ አፈር የበቀለው እንሰትና ገብስም አዮዲን ያጥረዋል፤ እንቅርት የሚመጣው በዚህ ነው። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አዘዘ። የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው። በውስጡ ሁለቱም ውሎች አሉ፦ አንድ አዮዲን ከ3 ኦክስጅን ጋር በኮቫለንት ይቀናጃል፤ ይህ ጓድ ደግሞ ከፖታሲየም ጋር በአዮኒክ ይሳሳባል።

ውሃ ፖታሲየሙን ከአዮዴቱ ሲለይ መቀናጆው አይነካም። እርጥበት፣ ሙቀትና በምግቡ ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮች ግን ቀስ በቀስ ይፈቱታል፤ አዮዲኑም በኖ ይሄዳል። ጨው በደረቅ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር የሚባለው ለዚህ ነው።

አዮዲኑ ቢበንም ሶዲየምና ክሎሪኑ ባሉበት ናቸው፤ ጨው እንደ ወትሮው ይጣፍጣል። ምላስ ያላወቀችውን ጉድለት የሚናገረው፣ ዘግይቶ፣ አንገት ነው።