ለካፋ ደን ጥላ ማን ይክፈል?

የቡና ዋጋ መናር አዲስ አበቤን እያስመረረ ነው። የምንዛሪው ለውጥና የኒው ዮርክ ገበያ ድርሻ ተደጋግሞ ስለተነገረ አልመለስበትም። የሚያሳስበኝ ከምሬቱ ጋር የሚሰማው ማጽናኛ ነው፦ «ዋጋው ጥሩ ከሆነ ገበሬው የአየር ንብረት ለውጡን በራሱ ገንዘብ ይቋቋመዋል፤ መንግሥት በጀት መመደብ አይጠበቅበትም።» በካፋ፣ ቦንጋ ዙሪያ ግን ጥሩ ዋጋ የሚገፋው ወደ ተቃራኒው ነው።

ሁለት ወጪዎችን እንለይ። አንደኛው የማድረቂያው ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ያልተጠበቀ ዝናብ ሲጥል መሬት ላይ የተሰጣ ጀንፈል ይሻግታል፤ አልጋና ሸራ ያለው ምርቱን ያተርፋል። ትርፉ የባለቤቱ ስለሆነ ብድር ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጥላው ነው፤ ተንታኞች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። የካፋ የደን ቡና ከሳሳና ከዋንዛ ሥር ይበቅላል። ጥላው ሙቀቱን ያበርዳል፣ በበጋ የአፈሩን እርጥበት ይይዛል። ዛፉ ሲመነጠር ግን ብርሃን ይገባል፣ ቡናው በብዛት ያብባል፣ ለተወሰኑ ዓመታትም ምርቱ ይጨምራል። ስለዚህ የፈረሱላ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ዛፉን ሳይነኩ የማቆየት ኪሳራም አብሮ ከፍ ይላል። የልጆች ትምህርትና የብድር ዕዳ ያለበት አባወራ ምን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። ባለሥልጣናት ይህን «የግንዛቤ እጥረት» ይሉታል። ገበሬው ዛፉ ምን እንደሚሠራለት ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ የጎደለው ክፍያ ነው።

ከጥላው ጥቅም አብዛኛው ከማሳው ወጥቶ ይሄዳልና። ከእነዚህ ደኖች ውኃ የሚያገኘው ጎጀብ ኦሞን ይገብራል፤ በኦሞ ላይ የጊቤ ሦስትና የኮይሻ የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉ። ነገ በሽታና ድርቅ የሚቋቋም ቡና የሚፈለግበት የአረቢካ የዘር ሀብት የሚገኘውም በዚሁ ጫካ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ባዮስፌር ሪዘርቭ መዝግቦታል። ለዚህ ሁሉ ግን ጀንፈል የሚገዛው ሰብሳቢ አምስት ሳንቲም አይጨምርም፤ ይጨምር ዘንድም አይጠበቅበትም። የመንግሥት ካዝና ሊሸፍን የሚገባው እንዲህ ያለውን ነው።

እስካሁን ይህን ወጪ የሸፈኑት በአብዛኛው የውጭ ለጋሾች ናቸው። የእርዳታ ድርጅቱ ፋርም አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደርን ጀመረ፤ በኋላም የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ናቡ በሀገሩ መንግሥት ገንዘብ መጣ። በዚህ መንገድ የተደራጁት የገበሬዎች የደን ማኅበራት ጠቃሚ ሥራ ሠርተዋል፤ ሆኖም የፕሮጀክት ዕድሜ አጭር ነው፣ የዛፍ ግን ረጅም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበችው ዕቅድ እስከ 2030 ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ለመላመድ ሥራ 40 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብላለች። እንዲህ ያለው አኃዝ አያሳምነኝም፤ ከዚያ ውስጥ ለአንድ ቀበሌ ስንት እንደሚደርስ አይነግረንም። የችግኝ ተከላ ሪፖርትም ያው ነው፤ የሚያጎላው የተተከለውን እንጂ ቆሞ የሚገኘውን አይደለም። ክፍያው በቆመ ዛፍ ቢሰላና በየዓመቱ በወረዳው በኩል ለማኅበራቱ ቢሰጥ ማጭበርበሩ ይከብዳል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከራሱ ከቡናው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገብቷል። ይህ ገቢ ግን ዋስትና የለውም፦ የብሪታንያው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት መሠረት ምንም ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ለቡና ላይመች ይችላል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የአየር ንብረት ጉባኤውን ኮፕ 32ን ታስተናግዳለች፤ ከዚያ በፊት በሚጸድቀው በጀት ለካፋ የደን ማኅበራት ራሱን የቻለ መደብ መኖር አለበት።