ተጨማሪ መረጃ፦ በብረት ቁም ሣጥን የተቀመጠ ቤተ መጻሕፍት
በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር፣ የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች አንድ ልዩ ቤተ መጻሕፍት አደራጁ። መደርደሪያው የብረት ቁም ሣጥን፣ “መጻሕፍቱ” ደግሞ ቀዳዳ የተበሳባቸው የወረቀት ጥብጣቦች ነበሩ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሎጋሪዝም ማስላት ቢያስፈልገው እንደ አዲስ አይደክምም ነበር፤ ለዚህ የተዘጋጀው ንዑስ ፕሮግራም ያለበትን ጥብጣብ ያወጣል፣ በመገልበጫ መሣሪያ ወደ ራሱ ጥብጣብ ይገለብጣል፣ ዋናውን ወደ ቦታው ይመልሳል። በ1951 እንዲህ ያሉ 87 ንዑስ ፕሮግራሞች ለተጠቃሚዎች ቀርበው ነበር።

ጥብጣቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ውስጡን የማያውቅ ሰው በቀላሉ እንዲጠቀምበት ግልጽ የጽሑፍ መግለጫ ያሻዋል። ከሥራው መሪዎች አንዱ ዴቪድ ዊለር በ1952 ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው ይህን መግለጫ መጻፍ እንደሆነ ጠቁሟል። ዛሬም ፕሮግራመሮች ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድን “ላይብረሪ” (ቤተ መጻሕፍት) ይሉታል።